«ልዩ ትምህርት ቤት ውሰጂው»፦ ስለ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የምናምናቸው ስህተቶች

የትምህርት ሚኒስቴር በቅርብ ዓመታት ያወጣቸው ሪፖርቶች አንድ የሚያሳፍር ቁጥር ይደጋግማሉ። ዕድሜያቸው ለአንደኛ ደረጃ ከደረሰ አካል ጉዳተኛ ልጆች መካከል ክፍል ገብተው የሚማሩት ከአሥሩ አንዱ ገደማ ብቻ ናቸው። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ቁጥሩ ከዚህም እጅግ ያንሳል። ቀሪዎቹ እቤት ናቸው። ታናናሾቻቸው ደብተር ይዘው ሲወጡ እነሱ ይቀራሉ።

እነዚህን ልጆች ከትምህርት ገበታ ያራቃቸው ጭካኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። ብዙ ጊዜ በሩን የሚዘጋው ደግነት የሚመስል ንግግር ነው። «እዚህ እንዳይጎዳ ብለን ነው»፣ «ልጆቹ ያላግጡበታል»፣ «ባለሙያ ሳይኖረን ተቀብለን እንዳንበድለው»። ይህን የሚሉት ርዕሰ መምህራን፣ አክስቶችና ጎረቤቶች ክፉ ሰዎች አይደሉም። የሚሉት ግን ስህተት ነው፤ ስህተቱም የአንድ ልጅ ሙሉ የትምህርት ዘመን ይበላል።

«እርግማን ነው»

ከሁሉም የቆየው ይህ ነው። ዛሬ በአደባባይ የሚናገረው ሰው ቢቀንስም፣ እንግዳ ሲመጣ ልጅን ጓዳ የሚያስገባው አሁንም ይኸው እምነት ነው። ልጅ ዓይኑን የሚያጣው ለምሳሌ በኩፍኝ፣ በቫይታሚን ኤ እጥረት ወይም አብሮት በተወለደ የዓይን ሞራ ነው። ማጅራት ገትር ጆሮን ሊያደነቁር ይችላል። ምጥ ተራዝሞ አየር ያጠረው ሕፃን ሰሪብራል ፓልሲ ይዞ ሊያድግ ይችላል። ዳውን ሲንድሮም ከአንድ ተጨማሪ ክሮሞዞም ይመጣል። ከእነዚህ መካከል የእናት ኃጢአት የሚባል ምክንያት የለም።

ሃይማኖቴ እንዲህ ይላል ለሚል ሰውም መልሱ እዚያው መጽሐፉ ውስጥ አለ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዓይነ ስውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ማን በድሎ እንደሆነ ሲጠይቁ፣ ክርስቶስ እሱም ወላጆቹም አለመሆናቸውን ነው የነገራቸው። በእስልምና ታሪክም ዓይነ ስውሩ አብደላህ ኢብን ኡሙ መክቱም የነቢዩ ሙሐመድ ሙአዚን ነበሩ፤ ነቢዩ ከመዲና ሲወጡም ብዙ ጊዜ ተተክተው ያሰግዱ ነበር።

«አካቶ ትምህርት የፈረንጅ ሐሳብ ነው»

አካቶ ትምህርት፣ ማለትም አካል ጉዳተኛ ልጅን ከሌሎች ልጆች ጋር አብሮ ማስተማር፣ ስሙ አዲስ ሊሆን ይችላል፤ ነገሩ ግን የቤታችን ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ዓይነ ስውር ልጅ ከሚያየው ልጅ ጎን ተቀምጦ ዳዊት በቃሉ ሲያጠና፣ ዜማ ሲቀጽል፣ ቅኔ ሲቆጥር ኖሯል። ከእነዚህ መካከል የኔታ ሆነው፣ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩ ሊቃውንት ጥቂት አይደሉም። ለእነሱ ተብሎ የተለየ ጉባኤ ቤት አልተሠራም። ትምህርቱ በጆሮ የሚገባ፣ በቃል የሚመለስ ስለነበር ዓይን አለማየት ከጉባኤው አላስወጣቸውም። ዓይነ ስውርነት ትልቅ እንቅፋት የሆነው ዘመናዊው ክፍል ትምህርቱን ሁሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ካሰፈረው በኋላ ነው።

ይህን ላጤነ ሰው ብዙው ነገር ይገለጥለታል። ልጁ ያው ልጅ ነው። የሚለወጠው የማስተማሪያው መንገድ ነው፤ መንገዱ ሲለወጥ ማን ክፍል ውስጥ እንደሚቆይና ማን እንደሚወጣም አብሮ ይለወጣል።

«ባለሙያ የለንም፤ ልዩ ትምህርት ቤት ውሰጂው»

የምዝገባ ሰሞን ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ፊት ለቆመች እናት የሚነገረው ይኸው ነው። «እህቴ፣ እኛ እኮ ለእንደዚህ ዓይነት ልጅ አልተዘጋጀንም። ማዕከል አለ ይባላል፣ እዚያ ብትሞክሪ ይሻላል።» እናትየው አመስግና ትወጣለች። ማዕከሉ ያለው ሌላ ከተማ ነው፤ ወይም ተራ ጠባቂው ከተማሪው ይበልጣል፤ ወይም የሚቀበለው የሌላ ዓይነት ጉዳት ያለባቸውን ነው። ልጁ እቤት ይቀራል። ርዕሰ መምህሩም ልጁን ወደተሻለ ቦታ የመራው ይመስለዋል።

ለልዩ ትምህርት ቤቶቻችን ትልቅ አክብሮት አለኝ። የሰበታው መርሐ ዕውራን፣ የሻሸመኔው የካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት፣ የሆሳዕናው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ ጠበቃ፣ መምህርና ጋዜጠኛ ሆነው የምናያቸው ብዙ ሰዎች ፊደል ባልቆጠሩም ነበር። የአገሪቱን ልጆች ሁሉ ግን ሊይዙ አይችሉም። በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ብዙዎቹም አዳሪ ናቸው። የሰባት ዓመት ልጅ ከእናቱ፣ ከቋንቋውና ከሰፈሩ ተነጥሎ የሚማርበት መንገድ ብቸኛው አማራጭ ሊሆን አይገባም።

የትነበርሽ ንጉሤን እናስብ። ወሎ፣ አማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን አጣች። ሻሸመኔ በልዩ ትምህርት ቤት ብሬልና መሠረታዊ ትምህርት ተማረች፤ ከዚያ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከሚያዩ ተማሪዎች ጋር ቀጠለች፤ ከዚያም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠናች። በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። በእሷ መንገድ ላይ ልዩ ትምህርት ቤቱ መነሻ እንጂ መድረሻ አልነበረም። ሁለቱን እንደ ጠላት የሚያፋጥጥ ክርክር ከዚህ ጋር አይገጥምም። ልዩ ትምህርት ቤቶቹ ያካበቱት ዕውቀት ብሬል የሚያስተምር ሰው ሆኖ፣ የምልክት ቋንቋ አሠልጣኝ ሆኖ፣ የድጋፍ መስጫ ማዕከል ሆኖ ወደ መደበኛው ትምህርት ቤት መፍሰስ አለበት።

ሕጉም «አልተዘጋጀንም» የሚለውን ሰበብ አይቀበልም። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ማንም ልጅ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከአጠቃላዩ የትምህርት ሥርዓት እንዳይገለል፣ የሚያስፈልገው ማመቻቸትም እንዲደረግለት ይደነግጋል። የመዘጋጀት ግዴታው የትምህርት ቤቱና የመንግሥት ነው። ልጁ ተዘጋጅቶ እንዲመጣ የሚጠይቅ ሕግ የለም።

«መምህሩ ሌላ ሥራ ሊሠራ ነው እንዴ?»

መምህራን ስለ ጫና ሲያነሱ ሐቅ እያወሩ ነው። የአንደኛ ደረጃ መለኪያው በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው ይባላል፤ ከዚያ በላይ የታጨቀባቸውን ክፍሎች ሁላችንም እናውቃለን። ልዩ ፍላጎት ትምህርት ተመርቀው ሌላ ትምህርት እንዲያስተምሩ የሚመደቡ መምህራን መኖራቸውም እውነት ነው፤ ይህ ያለውን ባለሙያ በከንቱ ማባከን ነው። ስህተቱ ያለው ከዚህ ተነስቶ ያለ ተጨማሪ ባለሙያ ምንም ማድረግ አይቻልም ማለት ላይ ነው።

አንድ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ እንመልከት። መምህሩ ሰሌዳው ላይ እየጻፈ እንዲህ ይላል፦ «ይህን ከዚህ ስንቀንሰው ይህ ይመጣል፤ ከዚያ ይህን ወደዚህ እናዞረውና ይቺን እናገኛለን።» ሁለተኛው መደዳ ላይ የተቀመጠችው ዓይነ ስውር ተማሪ ከዚህ ሁሉ የሰማችው ተውላጠ ስም ብቻ ነው። ምን ከምን እንደተቀነሰ፣ ምን እንደመጣ አታውቅም። አሁን መምህሩ የሚጽፈውን እየጻፈ ይጥራው፦ «ከአርባ ሰባት ላይ አሥራ ዘጠኝን ስንቀንስ ሃያ ስምንት ይመጣል።» አንድ ብር አልወጣም፤ አንድ ደቂቃም አልባከነም። ይህ ደግሞ የጠቀመው እሷን ብቻ አይደለም። ኋላ ተቀምጦ ሰሌዳው የደበዘዘበት፣ ጽሕፈቱን ማንበብ ያቃተው፣ ለአፍታ ሐሳቡ ሄዶ የተመለሰው ልጅ ሁሉ ትምህርቱን አገኘው።

እንዲህ ያሉ ነገሮች ብዙ ናቸው። የመስማት ችግር ያለበት ልጅ ፊት ለፊት ይቀመጥ፤ መምህሩም ወደ ሰሌዳው ዞሮ አይናገር። አልቢኒዝም ያለባት ተማሪ ዓይኗ ብርሃን አይችልምና ከመስኮቱ ፊት ትነሳ፤ በዕረፍት ሰዓት ኮፍያ እንድታደርግ ይፈቀድላት። ጥሩ ጽሕፈት ያለው ጓደኛ ማስታወሻውን ያካፍል። ረጅሙ ትእዛዝ በሦስት ተከፍሎ ይነገር። ይህ ሁሉ ጥሩ ማስተማር እንጂ ሌላ ሙያ አይደለም። በእርግጥ ብሬል፣ የምልክት ቋንቋና ግለሰባዊ የትምህርት ዕቅድ ባለሙያ ይፈልጋሉ፤ ለዚያም ነው በአካባቢው ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች በጋራ የሚያገለግል የድጋፍ መስጫ ማዕከልና ተዘዋዋሪ የልዩ ፍላጎት መምህር የሚያስፈልገው። ባለሙያው እስኪመጣ ግን ክፍሉ ባዶ እጁን አይደለም።

«የሌሎቹን ልጆች ትምህርት ይጎዳል»

ወላጆች ይህን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቃሉ፤ መጠየቃቸውም ነውር የለውም። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የምርምር ዳሰሳ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ 26 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ፣ አካል ጉዳት የሌለባቸው ተማሪዎች ላይ ከታዩት ውጤቶች 81 በመቶው ወይ ጥሩ ወይ ለውጥ የሌለው መሆኑን አግኝቷል። ጣሊያን በ1977 እ.ኤ.አ. ልዩ ክፍሎችን በሕግ ዘግታ አካል ጉዳተኛ ልጆቿን ሁሉ ለማለት በሚቻል መልኩ መደበኛ ክፍል አስገብታለች፤ ከዚያ ወዲህ ትውልዶች አብረው ተምረው ወጥተዋል።

«ልጆቹ ያላግጡበታል» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው። አዎ፣ ያላግጣሉ፤ በተለይ መምህሩ ራሱ «አንተ አንካሳው» ብሎ በሚጠራበት ክፍል። ልጆች ከትልቅ ሰው የሚሰሙትን ይደግማሉ። አብረው ያደጉ ልጆች ደግሞ ከብዙዎቻችን የተሻለ ያውቃሉ። ነጭ በትር የያዘ ጓደኛቸውን እጁን ይዘው አይጎትቱትም፤ ክንዳቸውን ሰጥተው ግማሽ እርምጃ ቀድመው ይሄዳሉ። ይህን የሚማሩት አብረው ውለው ነው።

«ተመዝግቧል፤ ስለዚህ ተካቷል»

አሁን ከሌላው አቅጣጫ የሚመጣ ስህተት ላይ ደረስን፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝም ይኼ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ስህተቶች የተላቀቀ ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይወድቃል። ልጁን ይቀበላል፣ ስሙን መዝገብ ላይ ያሰፍራል፣ በሪፖርቱ ላይ «አካቶ» ብሎ ይጽፋል፤ ልጁም ከዓመት ዓመት ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ካምቤል የተባለው የምርምር ትስስር ዳሰሳ እንዳሳየው፣ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች መደበኛ ክፍል ማስገባት ብቻውን በውጤታቸው ላይ የሚያመጣው ለውጥ በአማካይ ወደ ዜሮ የቀረበ ነው። ይህን ቁጥር የአካቶ ትምህርት ተቃዋሚዎች ሊመዙት ይችላሉ፤ ደጋፊዎችም ሊሸሹት አይገባም። ልጅን ያለ ድጋፍ ክፍል ማስገባት አይጎዳ ይሆናል፤ ብቻውን ግን አያስተምርም።

ይህ በጉልህ የሚታየው መስማት በተሳናቸው ልጆች ላይ ነው። «ከንፈር እያየ ይከታተላል» ይባላል። ከንፈር ላይ ከሚታየው የማይታየው ይበልጣል። መስታወት ፊት ቆመው ድምፅ ሳያወጡ «በላ»፣ ከዚያ «መላ» ይበሉ፤ አፍዎ ምንም ልዩነት አያሳይም። በዚህ ላይ መምህሩ ይንቀሳቀሳል፣ ወደ ሰሌዳ ይዞራል፣ አፉን በእጁ ይሸፍናል። የምልክት ቋንቋ የሚችል አንድም ሰው በሌለበት ክፍል የተቀመጠ መስማት የተሳነው ልጅ በ60 ሰው መሐል ብቻውን ነው።

የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው፤ የእጅ ጥቅሻ አይደለም። በጣት ፊደል ሲጻፍ የእጅ ቅርጹ ተነባቢውን ይይዛል፤ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ድምፆች ይለያል። የፊደል ገበታችን በሙሉ እጅ ላይ አለ ማለት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቋንቋውን በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል። ስለዚህ መስማት ለተሳነው ልጅ አካቶ ማለት በታችኛዎቹ ክፍሎች በራሱ ቋንቋ፣ ከእሱ መሰሎች ጋር፣ እዚያው የሰፈሩ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ተምሮ፣ ከፍ ሲል በአስተርጓሚ እየታገዘ ከሌሎች ጋር መቀላቀል ሊሆን ይችላል። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነቱ ራሱ አንቀጽ 24 ላይ የምልክት ቋንቋ መማርንና መስማት የተሳናቸውን ሰዎች ማኅበረሰብ የቋንቋ ማንነት ማበረታታት እንደሚገባ ይናገራል። «ሁሉም በአንድ ክፍል፣ በአንድ ዓይነት መንገድ» የሚል ሕግ የትም አልተጻፈም።

«በፈተና ተጨማሪ ሰዓት መስጠት ማዳላት ነው»

ይህን የሚል ሰው የብሬል ጽሕፈት አላየም። ስሌትና ስታይለስ የሚባለው መጻፊያ ወረቀቱን በሁለት ሰሌዳ መካከል ይይዛል፤ ተማሪው እያንዳንዷን ነጥብ በሹሉ መውጊያ ከወረቀቱ ጀርባ ይወጋታል። ነጥቡ የሚዳሰሰው ወረቀቱ ሲገለበጥ ስለሆነ የሚጽፈው ከቀኝ ወደ ግራ፣ የሚያነበው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። የአማርኛ ብሬል ተነባቢውንና አናባቢውን ለያይቶ ይጽፋል። እኛ «ሉ» ብለን በአንድ ፊደል የምንጨርሰውን እሱ በሁለት ቦታ ይወጋዋል። አንድ ቃል ከተሳሳተ ነጥቡን በጥፍሩ ደምስሶ እንደገና መጀመር አለበት። ከዚያ የጻፈውን ለማየት ወረቀቱን አውጥቶ፣ ገልብጦ፣ በጣቱ መስመር በመስመር ይሄድበታል። ለዚህ ተማሪና ለሚያየው ጓደኛው እኩል ሰዓት መስጠት ነው አድልዎ።

ጥያቄው «ከታች ካለው ሥዕል ተነስታችሁ መልሱ» የሚል ከሆነ ደግሞ ሰዓት ብቻ አይበቃም። ሥዕሉ በቃል መገለጽ ወይም በሚዳሰስ መስመር መሠራት አለበት። አንባቢ የሚመደብለት ከሆነም አንባቢው የትምህርቱን ቃላት የሚያውቅ ይሁን። የኬሚስትሪ ቀመር አይቶ የማያውቅ ሰው ኬሚስትሪ ሲያነብ ፈተናውን የሚወድቀው ተማሪው ነው።

ከዚሁ ጋር «ዓይነ ስውር ሒሳብ አይሆንለትም» የሚለው አብሮ ይነሳል። አብርሃም ኔሜት ከልደቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነበር፤ በአሜሪካ ዲትሮይት ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ አስተምሯል፤ በተለይ በአሜሪካ በስፋት የሚሠራበትን የብሬል ሒሳብ አጻጻፍም የፈጠረው እሱ ነው። የእኛ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ከሒሳብ የሚርቁት ሒሳቡ በ«ይህ» እና በ«እዚህ» ስለሚሰጣቸው፣ አባከስ የሚባለው በጣት የሚቆጠርበት መሣሪያ ስለማይሰጣቸውና ገና ከመጀመሪያው «አንተን አይመለከትህም» ስለሚባሉ ነው።

«ገንዘብ የለንም»

አንዳንዱ ነገር ገንዘብ ይፈልጋል፤ የብሬል መጻሕፍት፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ ተሽከርካሪ ወንበር በነፃ አይመጡም። ብዙው ግን ግንባታው ሲጀመር ቢታሰብበት ኖሮ ዋጋው እዚህ ግባ የማይባል ነበር። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን መወጣጫ ለእያንዳንዱ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 1 ሜትር ከ20 ርዝመት ይፈልጋል። የክፍሉ ደፍ 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 3 ሜትር ከ60 ይበቃል፤ ድንጋይ፣ አሸዋና ጥቂት ሲሚንቶ ነው። በብዙ ትምህርት ቤት የሚታየው መወጣጫ ግን አጭርና ቀጥ ያለ ስለሆነ ወንበሩን ወደኋላ ይገለብጠዋል፤ ለሪፖርት የተሠራ መወጣጫ ነው። ከሁሉም የሚረሳው መጸዳጃ ቤቱ ነው። በሩ ጠባብ ነው፣ ወደ ውስጥ ይከፈታል፣ የሚያዝ ነገር የለም። ላለመሽናት ብላ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ ሳትጠጣ የምትውል ተማሪ ስትቀር ማንም «በመጸዳጃ ቤት ምክንያት ትምህርት አቋረጠች» ብሎ አይመዘግብም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚያመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው ካዘዘ ቆይቷል።

«የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ክፍል አይገባም፤ ይተላለፋል»

አይተላለፍም። በአረፋ አይተላለፍም፣ በትንፋሽ አይተላለፍም፣ በመንካት አይተላለፍም። ክብሪት ጭሮ ማሽተትም አይረዳም። ልጁ ሲወድቅ በዙሪያው ያለውን ጠንካራ ነገር ማራቅ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ ሰዓት ማየት፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ። ብዙዎቹ ልጆች መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ከወሰዱ ክፍል ውስጥ እንደ ማንም ተማሪ ይውላሉ።

«እኛ ጋ አካል ጉዳተኛ ተማሪ የለም»

አለ። ዩኒሴፍ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስሌት በዓለም ላይ 240 ሚሊዮን ገደማ፣ ማለትም ከአሥር ልጆች አንዱ፣ አካል ጉዳት አለበት። ብዙው ዊልቸር ላይ የተቀመጠ አይደለም። ሰሌዳው የማይታየው፣ አንድ ጆሮው የማይሰማው፣ ፊደል የሚገለባበጥበት፣ መቀመጥ የማይችለው ነው። ስሙ «ሰነፍ» ወይም «ረባሽ» ሆኖ ሁለት ጊዜ ክፍል ይደግማል፣ ከዚያ ይቀራል። ዓይንን ለመለየት የሚያስፈልገው በአራት አቅጣጫ የዞሩ የእንግሊዝኛው ኢ ፊደል ቅርጾች የታተሙበት አንድ ሰሌዳና 6 ሜትር ርቀት ነው። ልጁ ፊደል ባያውቅም የቅርጹ ጥርሶች ወደየት እንደዞሩ በእጁ ያሳያል። ዓመቱ ሲጀመር በአንድ ጠዋት አንድ ክፍል ይፈተሻል።

«ተምሮስ ምን ሊሆን ነው?»

ይህ ጥያቄ የሚነሳው በተለይ የአእምሮ እድገት ውስንነትና ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው ትምህርት ቤት ሲያጡ በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ የአማርኛ ፊደልን በድምፅ የሚያስተምር ዘዴም ቀመሩ። ከዚያ በፊት «አይማሩም» የተባሉ ልጆች በማዕከሉ መብላት፣ መልበስ፣ መነጋገር፣ ማንበብ ተማሩ። ሁሉም ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይደርሳል ማለት አይደለም፤ ማንኛውም ክፍል ውስጥ ያሉ ልጆች ሁሉስ ይደርሳሉ እንዴ? ዳውን ሲንድሮም ያለባት ልጅ ብር ቆጥራ መልስ መቀበል፣ የታክሲ መውረጃዋን ማወቅ፣ ስሟን መጻፍ፣ ሰው ሲነካት «አይሆንም» ብላ ለመምህር መናገር ከተማረች ትልቅ ትምህርት ተምራለች። እነዚህን ነገሮች ደግሞ ከእኩዮቿ ጋር ስትውል ነው በተሻለ የምትይዛቸው።

በአሜሪካ በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ ደግሞ ሌላ ፍርሃት አለ። «ልጄ ላይ ስም ይለጠፍበታል» ብለው ምርመራውን የሚሸሹ ወላጆች አሉ። እዚያ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተረጋገጠ መብት አለ። ለልጁ አይ ኢ ፒ የሚባል ግለሰባዊ የትምህርት ዕቅድ ይወጣለታል፣ ወላጅ በስብሰባው እኩል ድምፅ አለው፣ ትምህርት ቤቱም ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። በእንግሊዝኛ ተጻፈ ብለው ሳይገባዎ አይፈርሙ፤ በአማርኛ እንዲብራራልዎ ይጠይቁ።

አገር ቤት ላላችሁ ወላጆች ደግሞ፦ ርዕሰ መምህሩ ልጃችሁን አልቀበልም ካለ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ በትሕትና ጠይቁት። አንዳንድ ጊዜ መልሱ እዚያው ይለወጣል። ካልተለወጠ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ እዚያም ካልሆነ የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር፣ የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርና ሌሎችም የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት አሉ፤ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽንና የእንባ ጠባቂ ተቋምም አቤቱታ ይቀበላሉ። ልጁ ከተመዘገበ በኋላም በየወሩ ክፍሉ ድረስ ሄዳችሁ «ምን ተማረ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «ደህና ነው፣ አይረብሽም» የሚል መልስ አይብቃችሁ። ዕድሜው አልፏል ብላችሁም አትተዉት። የ12 ዓመት ልጅ አንደኛ ክፍል መግባት ይችላል፤ በሚቀጥለው ምዝገባ ይዛችሁት ሂዱ።